ከኦቶና እስከ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል፦ አጥንት የሚጠገንበት ቤት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። ዛሬ ግን ስለ አጥንት ልናወራ ነው። «አጥንት ደግሞ ከትዳር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ እኅቶችና ወንድሞች ጥቂት ታገሡኝ።

በእኛ አካባቢ፣ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ ዶዮገና፣ አጥንት የሚሰበርበት ምክንያት ብዙ ነው። ልጅ አቮካዶ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ይወጣና ይወድቃል። አባት ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ግንዱ እግሩ ላይ ይወርድበታል። እናት ጀሪካን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ ጭቃው ያዳልጣታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ ተጨምረዋል። አደጋው በደረሰበት ምሽት ቤት ውስጥ ምክር ይያዛል። አጎት ይመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይጠራል። አንዱ «ወጌሻ ይምጣ» ይላል፤ ሌላው «ሆስፒታል ይወሰድ» ይላል፤ ሦስተኛው «ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌሊቱን ሙሉ ከሕመምተኛው አጠገብ የምትቀመጠው፣ የእግሩ ጣቶች መቀዝቀዛቸውን በእጇ ዳስሳ የምታውቀው ሚስት ወይም እናት ግን ጓዳ ሆና ቡና ስታፈላ ምክሩ ያልቃል።

ወደዚህ የቤት ምክር ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ከእኛ ዞኖች ብዙ ሰባራ ስለሚሄድበት ስለ ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ልንገራችሁ፤ ስሙን የማያውቅ የለም፣ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛው ከሆሳዕና ደጅ ነው ማለት ይቻላል። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1928 ዶ/ር ቶማስ ላምቢ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በበቅሎ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ። ሐሳባቸው ጅማ ለመግባት ነበር፤ የእግዚአብሔር ሐሳብ ግን ሌላ ሆነና መንገዳቸው ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታና ወደ ሲዳማ ዞረ። የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን፣ በተለምዶ ኤስ.አይ.ኤም. የምንለው፣ በሆሳዕና አጠገብ በላምቡዳ፣ በሶዶና በሲዳማ ጋርቢቾ የመጀመሪያዎቹን ጣቢያዎች የተከለው በዚህ ጉዞ ምክንያት ነው። ዶ/ር ላምቢ ቀደም ሲልም አዲስ አበባ ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ያሠሩ ሰው ነበሩና በሄዱበት ሁሉ ወንጌልና መድኃኒት አብረው ይሄዱ ነበር። በሶዶ ኦቶና በሚባለው ስፍራ በትንሹ የተጀመረው ሕክምና እያደገ ሄዶ ሆስፒታል ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አባቶቻችን ደጋግመው ነግረውናል። በ1937 ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ከሶዶ አስወጣ፤ ከነፃነት በኋላ ተመለሱ፤ ሕክምናውም ቀጠለ። የ1974ቱ አብዮት ሲመጣ ደግሞ ሆስፒታሉ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። ኦቶና ዛሬም አለ፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ሆኖ ብዙ ሕዝብ ያገለግላል። ይህን የምጽፈው አንዳንዶቻችን «ተወረሰ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሥራው ሁሉ የጠፋ ስለሚመስለን ነው። አልጋዎቹ ባዶ አልቀሩም፤ ሕሙማኑም ከመምጣት አላቋረጡም።

አሁን አንድ ባልና ሚስት ወደ ታሪኩ ይገባሉ። ዶ/ር ሃሮልድ አዶልፍ በሚሲዮናውያን ወላጆቻቸው ዘንድ ቻይና ያደጉ አሜሪካዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናቸው። ከባለቤታቸው ከቦኒ ጆ ጋር በ1960ዎቹ ሶዶ መጥተው በቀድሞው የሚሲዮን ሆስፒታል አገለገሉ። በዚያ ዘመን የክፍለ ሀገር ሐኪም ማለት የሁሉም ነገር ሐኪም ማለት ነበር፤ ምጥ የጠናባትን ያዋልዳል፣ የታጠፈ አንጀት ይፈታል፣ ሰባራ ያቃናል። በአገራችን የአጥንት ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው ገና በ1980ዎቹ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። አብዮቱ ከመጣ በኋላ አዶልፎች ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሄዱ፤ በኒጀር በጋልሚ ሆስፒታል ሠርተዋል። ሌላው ሰው ጡረታ ወጥቶ አትክልት በሚኮተኩትበት ዕድሜ ግን ወደ ሶዶ ተመለሱ። አሮጌው ሆስፒታል የመንግሥት ስለሆነ አዲስ መሠረት መጣል ነበረባቸው። በ2005 ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል ሥራ ጀመረ።

ስለ እኅት ቦኒ ጆ ትንሽ ልጨምር። ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ቤቷን እየነቀለች ስትተክል የኖረች ሴት በዚያ ዕድሜ «አሁንስ ይበቃናል» ብትል ማን ይፈርድባታል? የአገልጋይ ሚስት የሆናችሁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ ዝርዝሩ አያስፈልጋችሁም።

አዲሱ ሆስፒታል ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ዶ/ር ዱዌይን አንደርሰን የተባሉ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ሐኪም መጡና የአጥንት ሕክምናው ከሆስፒታሉ ዋና ሥራዎች አንዱ ሆነ። የሚመጣላቸው ጉዳት ዛሬ ተሰብሮ ዛሬ የመጣ ብቻ አልነበረም። ከወራት በፊት ተሰብሮ አጥንቱ ተደራርቦ የጠመመ፣ እግሩ አጥሮ የቀረ፣ ዳሌው ከቦታው ወልቆ እንደወጣ የቀረ፣ እንዲህ ያለውን ነበር በብዛት የሚያዩት። በአደጉት አገሮች ያለ የአጥንት ሐኪም በሕይወቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢያየው የሚደነቅበትን ያረጀ ጉዳት የሶዶ ሐኪሞች ደጋግመው አዩት፤ እንዴት እንደሚታከምም ከሥራው ተማሩ።

ለዚህ ሥራ አንድ ትልቅ እርዳታ አግኝተዋል። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የጦር ሐኪም የነበሩ ዶ/ር ሉዊስ ዘርክል የሚባሉ አሜሪካዊ በ1999 ሳይን የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ ለተሰበረ የጭንና የቅልጥም አጥንት የሚሆን ብረት እየሠራ ለድሃ አገር ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል፤ ከ50 በሚበልጡ አገሮች ሲሠራ ቆይቷል። «ብረት ገባለት» ሲባል ብዙ ሰው ከውጭ የሚታይ ነገር ይመስለዋል። እንዲህ ነው፦ የጭን አጥንት እንደ ቀርከሃ መካከሉ ክፍት ነው፤ መቅኔው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ብረቱን በዚያ ክፍት ቦታ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ያሳልፈውና ሁለቱን የተሰበሩ ወገኖች አንድ ላይ ይይዛል። ከዚያም እንዳይሽከረከር ከጫፍና ከጫፍ በብሎን ያስረዋል። ችግሩ ብሎኑን የሚያስገባበትን ቀዳዳ በአጥንቱ ውስጥ ማግኘት ነው። ሀብታም ሆስፒታል በቀዶ ሕክምናው መካከል እየተንቀሳቀሰ የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ አለው። የሳይን ብረት ግን ከውጭ የሚገጠም መሪ ክንድ አለው፤ በክንዱ ላይ ያለው ቀዳዳ በውስጥ ካለው ቀዳዳ ጋር ትክክል ስለሆነ ሐኪሙ ያንን ተከትሎ ይበሳል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪሞቹ የሠሩትን በራጅ ፎቶ ለድርጅቱ ይልካሉ፤ በምትኩ ሌላ ብረት ይላክላቸዋል። ብረቱ ነፃ ነው ማለት ግን አልጋው፣ መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው ሁሉ ነፃ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ።

ይህ ብረት ለአንድ ቤት ምን ያደርጋል? ቀድሞ ጭኑ የተሰበረ ሰው ክብደት እግሩ ላይ ተንጠልጥሎለት፣ አጥንቱ እየተጎተተ፣ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ በጀርባው ይተኛ ነበር። አባወራው ሲተኛ ሚስት አስታማሚ ሆና አብራው ትሄዳለች። እንሰቱ ሳይፋቅ፣ ማሳው ሳይታረም ይቀራል፤ ትልቋ ልጅ ትምህርቷን ትታ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፤ ላሟ ትሸጣለች። ብረት የገባለት ሰው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በክራንች መነሳት ይጀምራል። ስለዚህ ስለ አጥንት ማውራት ስለ ቤተሰብ ማውራት ነው ብዬ ነው የጀመርኩት።

ሆስፒታሉ ማከም ብቻ ሳይሆን ማሠልጠንም ጀመረ። የአፍሪካ ክርስቲያን የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች አካዳሚ በተባለው ማኅበር ሥር ወጣት ሐኪሞች በሶዶ ለዓመታት እየኖሩ የቀዶ ሕክምና ተምረዋል። እኔ ከሕንፃውም ከመሣሪያውም ይልቅ በዚህ ደስ ይለኛል። ከውጭ የመጣ ሐኪም አንድ ቀን ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እጁ የሠለጠነ የአገር ልጅ ግን ዕውቀቱን ለሌላው እያስተማረ ይቀጥላል። ከ2023 ወዲህ ሶዶ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ ሆሳዕና ደግሞ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሆነዋል። በቃሬዛ ላይ ያለ ሰው ግን የክልል ወሰን አይታየውም። በሆሳዕናም የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆኗልና የተሰበረ ሰው ሁሉ በቀጥታ ሶዶ ይሂድ ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይድረስ፤ ወደ ሌላ መላክ ካለበት ሐኪሞቹ ይጽፉለታል።

አሁን ወደዚያ ምሽት የቤት ምክር ልመለስ።

ወጌሻን መስደብ አልፈልግም። ብዙዎቹ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ፣ ወለምታ በማሸት የታወቁ፣ ሌሊት ሲጠሩ ተነስተው የሚመጡ፣ ለድሃ የሚራሩ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው የጸሎት ወንድሞቻችንም አሉ። አደጋው የሚመጣው በአንድ ነገር ነው፤ በማሰሪያው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከአደጋው በኋላ ያብጣል። ሲያብጥ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ የታሰረው ነገር አብሮ አይሰፋም። ደሙ መዝለቅ ያቅተዋል። ሥጋ ደም ካላገኘ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል፤ ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የሞተውን መመለስ አይቻልም። ከቀናት በኋላ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፣ ይሸታሉ፤ ያ ልጅ ሆስፒታል የሚደርሰው በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ምክንያት እግሩ ሊቆረጥ ነው። ስብራቱ ቀላል ሊሆን ይችል ነበር!

ይህን ማስቀረት ይቻላል። በ2005 አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በእንግሊዝ በሚታተም የአጥንት ሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ለወጌሻዎች የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጠ በኋላ እንዲህ ባለው ምክንያት የሚቆረጡት ሰዎች ቁጥር በጣም መቀነሱን ገልጸዋል። የአንድ ቀን ትምህርት! አጥቢያዎቻችን ለስንት ነገር ሴሚናር ያዘጋጃሉ። የአካባቢውን ወጌሻዎች በክብር ጠርቶ፣ ምሳ አብልቶ፣ ከሆስፒታል አንድ ባለሙያ አምጥቶ ማነጋገር ለየትኛው የሽማግሌዎች ጉባኤ ይከብዳል?

ለቤት ደግሞ የምለው ይህ ነው። ሕመምተኛው ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ፣ ጣቱን ቀና ሲያደርጉለት ከጮኸ፣ ማሰሪያው በዚያችው ሰዓት ይፈታ፤ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ከወጣ ደግሞ ቅቤም ሆነ አፈር አይደረግበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወዲያው መውሰድ ነው። ባሎች ሆይ፣ ሚስትህ «ጣቱ ቀዝቅዟል» ስትልህ ፈሪ ስለሆነች አይደለም። አጠገቡ የነበረችው እርሷ ናት። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እርሷም ትቀመጥ፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።

ሌላም አንድ ነገር አለ፤ ይህኛው የሚወለደው ከልጁ ጋር ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለጥየቃ በገባንበት አንድ ቤት አራስዋ ሕፃኑን ታቅፋ እግሮቹን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ስንጸልይ ነጠላው ተንሸራተተ፤ ሁለቱም የእግሮቹ መዳፎች ወደ ውስጥ ዞረዋል። አማቷ ፊቷን አዞረች። ባልየው ዝም አለ። አራስዋ ቀስ ብላ «እትዬ፣ ምን በድዬ ይሆን?» አለችኝ። እኔም ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ጌታን የጠየቁትንና ጌታ የሰጣቸውን መልስ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 አነበብኩላቸው። በእርሱም በወላጆቹም ላይ ኃጢአትን አልቈጠረም። አማቷ እየሰማች መሆኗን ሳይ ቀስ ብዬ አነበብኩት።

ይህ ቆልማማ እግር ይባላል። በዓለም ላይ ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ በአገራችን በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ስለሚወለዱ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው ማለት ነው። ወንዶች ልጆች ላይ እጥፍ ያህል ይበዛል። እናትየው የሠራችው ነገር አይደለም፤ የሚድን ነገር ነው! የመድኃኒቱን መንገድ ያገኙት ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽተው አሜሪካ የገቡት ዶ/ር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ናቸው። በእጅ እግሩን ቀስ እያደረጉ ማቃናት፣ በጀሶ መያዝ፣ በየሳምንቱ ጀሶውን መቀየር፤ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ያህል። ከዚያም ለአብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዙን ጅማት በትንሽ ቀዶ መልቀቅና ለሦስት ሳምንት የመጨረሻውን ጀሶ ማድረግ ነው። የአጥንት ሐኪሞች ግን ለብዙ ዓመታት ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይመርጡ ነበርና የእርሳቸው መንገድ በዓለም የተስፋፋው ሽማግሌ ከሆኑ በኋላ ነው። በ2009 በ95 ዓመታቸው አረፉ።

በአገራችን ለዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ ከያዙት አንዱ አዲስ አበባ ያለው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ነው። ኪዩር በ1996 በአጥንት ሐኪሙ በዶ/ር ስኮት ሃሪሰንና በባለቤታቸው በሳሊ የተመሠረተ ክርስቲያናዊ ድርጅት ነው። የመጀመሪያውን ሆስፒታል በ1998 በኬንያ ኪጃቤ ከፈተ፤ የአዲስ አበባው ደግሞ በ2008 ሥራ ጀመረ። አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ቀዶ ሕክምና የሚያደርገው በነፃ ነው። የቆልማማ እግር ሕክምናም በተለያዩ የመንግሥት ሆስፒታሎች ውስጥ ይሰጣል።

ነገር ግን ጀሶው ሲወጣ ሥራው አላለቀም፤ እንዲያውም የወላጆች ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ሕፃኑ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ያደርጋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከቀኑ 24 ሰዓት 23ቱን፣ ከዚያ በኋላ አራትና አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በእንቅልፍ ሰዓት። ብዙ እግሮች እንደገና የሚዞሩት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሌሊት ያለቅሳል፤ እናት አዝና ጫማውን ታወልቃለች፤ አባት «አልቅሶ አሳደረን፣ ተይው» ይላል። ጎረቤት «ልጁን በብረት አሰሩት» ይላል። ሁለቱ ካልተስማሙ አራት ዓመት ሙሉ ጫማ ማድረግ አይቻልም። የምናውቃቸው የተሳካላቸው ቤቶች ማታ ማታ ጫማውን አባት የሚያስርባቸው ናቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጁ ለአባቱ ቶሎ ዝም ይላል።

ሜምፊቦስቴን ታስታውሳላችሁ? አምስት ዓመቱ ነበር፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ከእጇ ወደቀ፤ እግሮቹ ሽባ ሆኑ (2ኛ ሳሙ. 4፥4)። ስለ ዳዊት ቸርነት ብዙ ሰብከናል፤ በንጉሥ ማዕድ መቀመጡን ሁላችንም እንወዳለን። ግን ምዕራፍ 9 ሲያልቅም ሁለቱም እግሮቹ ሽባ እንደነበሩ ተጽፏል። በእርሱ ዘመን የሚጠግን አልነበረም። በእኛ ዘመን አለ።

ባለፈው ወር ከአንጋጫ የጻፈችልን እኅት «ልጄ ሦስት ዓመት ሆኖታል፣ እየሄደም ነው፣ በእግሩ ጎን ነው የሚረግጠው፤ አሁን አይረፍድም ወይ?» ብላ ጠይቃለች። እኅቴ፣ አይረፍድም። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲጀመር ቀላል ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ጀሶው ሊበዛ ይችላል፣ አንዳንዱም ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ግን ይታከማል። ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ ዱራሜ ሆስፒታል ውሰጂውና «ቆልማማ እግር ነው፤ የሚታከምበት ቦታ ላኩኝ» በያቸው። በየሳምንቱ መመላለስ ስለሚኖር የትራንስፖርቱን ነገር ከአሁኑ ከቤተ ክርስቲያንሽ ዲያቆናት ጋር ተነጋገሪ። ባለቤትሽም አብሮሽ ይሂድ፤ ጫማው እንዴት እንደሚታሰር ሲያሳዩ ሁለታችሁም ማየት አለባችሁ።